ሐዋሳ ላይ የሴቶች እኩልነትና የሥራ ደረጃዎች ኢንተርንሺፕ አገኘሁ፤ ደመወዝ የለውም። ልግባበት ወይስ ልተወው?

ታቦር ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት በሶሲዮሎጂ ተመርቄ ከዚያ ወዲህ የሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ ቆይቻለሁ። አሁን አንድ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ለስድስት ወር ኢንተርን አድርጎ ሊወስደኝ ተስማምቷል። ፕሮጀክቱ እዚሁ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች የሴት ሠራተኞችን እኩልነትና ዓለም አቀፍ የሥራ ደረጃዎችን ለማስፋፋት ነው የሚሠራው። የሥራ ዝርዝሩ «መረጃ ማሰባሰብ፣ ሥልጠና ማዘጋጀት፣ ሪፖርት ላይ ማገዝ» ይላል። የታክሲ ይሰጣሉ፤ ደመወዝ ግን የለም።

አባቴ «ለሠራሽበት የማይከፍል ድርጅት ስለ ሠራተኛ መብት ምን ሊያስተምር ነው?» ብሎ ተቆጥቷል። እናቴ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል፣ ሰው ታውቂበታለሽ ትላለች። እኔ ሥራውን ከልቤ እፈልገዋለሁ። በሰፈራችን ሰርቪስ ቤት የተከራዩት አብዛኞቹ የፓርኩ ልጆች ናቸው፤ ሃይስኩል ሳለሁ ጀምሮ በጨለማ ሲወጡ በጨለማ ሲገቡ አያቸዋለሁ።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ልግባበት? ከመግባቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ? ሠራተኞቹንስ እንዴት ብቀርባቸው እውነቱን ያወሩኛል?

የላይን ልጅ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ኦፕሬተር ሆኜ ገብቼ አሁን ኳሊቲ ላይ ነኝ። ስለ ክፍያው ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ሦስተኛውን ልመልስ።

የፕሮጀክት ሰዎች ሲመጡ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከቀኑ በፊት ሱፐርቫይዘሩ «እንግዳ አለ» ይለናል። ወለሉ ይታጠባል፤ ጓንትና ማስክ ይታደላል። ከየላይኑ (ከየስፌት መስመሩ) ሁለት ሁለት ልጅ ይመረጣል። የሚመረጡት አማርኛ የሚችሉ፣ ፈገግ የሚሉ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ችግር የሌለባቸው ናቸው። መሰብሰቢያ ክፍል ተቀምጠው «ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶባችሁ ያውቃል?» ተብለው ይጠየቃሉ። የኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ማን አዎ ይላል? አስተርጓሚው ራሱ የፋብሪካው ሰው ነው። ከዚያ ቡናና ዳቦ ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርቱ «ችግር አልተገኘም» ይላል።

አንቺ ከመጣሽ በቀጥታ ስለ ትንኮሳ አትጠይቂ። ስለ ታርጌት ጠይቂ። በሰዓት ስንት ፒስ ተባልሽ፣ ካልደረስሽ ምን ይሉሻል፣ ማን ነው የሚልሽ፣ ምን ብሎ? እዚያው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ስድቡም፣ የማሽኑ ወንበር ላይ ተጠግቶ መቆሙም፣ «ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ብንገናኝ ታርጌትሽን አስተካክልልሻለሁ» የሚለውም በታርጌት በኩል ነው የሚመጣው። ስለ መጸዳጃ ቤትም ጠይቂ፤ በፈረቃ ስንቴ ይፈቀዳል፣ ማንን አስፈቅደሽ ነው የምትሄጂው? የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ በቀን ሁለቴ ወንድ አለቃ ማስፈቀድ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ብዙዎቻችን ሆድ ይፍጀው ብለን ነው ያለፍነው።

ደግሞ አማርኛ ብቻ ይዘሽ አትምጪ። ከገጠር የመጡት ልጆች ሲዳምኛና ወላይትኛ ነው አፍ የፈቱበት። በአማርኛ «ደህና ነው» ብላሽ የሄደችው ልጅ በራሷ ቋንቋ ግማሽ ሰዓት ታወራሻለች።

ጠበቃው፦

«የላይን ልጅ» የጻፈችው ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል። እኔ የሕጉን በኩል ልጨምር።

መጀመሪያ ያንቺው ጉዳይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3 አዋጁ የማይመለከታቸውን ውሎች ሲዘረዝር፣ ሙያ ለመልመድ ከሚደረገው ውል በቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከውጭ ያስቀምጣል። ድርጅቶች «ኢንተርን ነሽ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆሙሽ እዚያ ላይ ነው። የዓመት ፈቃድም፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣም፣ ያለ አግባብ ተባረርኩ ማለትም ይቸግርሻል። በአንጻሩ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ያጸደቀው ስለ ጥቃትና ትንኮሳ የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 190 ጥበቃው ለኢንተርኖችና ለሙያ ለማጆች፣ ለበጎ ፈቃደኞች፣ ሥራ ፈላጊ ለሆኑትም ጭምር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። በሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራ ሲኬድና ሲመጣ፣ በስልክ፣ በሥልጠናና በመስክ ጉዞ ላይ የሚፈጸመውንም ይሸፍናል። አንቺን የሚቀጥረው ድርጅት ይህን ስምምነት ፋብሪካዎች ላይ የሚሰብክ ከሆነ ለራሱ ኢንተርን በጽሑፍ ለመፈረም ምንም ምክንያት ሊኖረው አይገባም። ከመግባትሽ በፊት ጠይቂው።

ሁለተኛ፣ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ንና 42ን አንብቢ። አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በሥራና በቅጥር የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለውን ስምምነት ቁጥር 111 እ.ኤ.አ. በ1966፣ የእኩል ክፍያውን ቁጥር 100 በ1999 አጽድቃለች። የመደራጀትና የጋራ ድርድር መብት፣ የግዳጅ ሥራና የሕፃናት ጉልበት መወገድ፣ አድልዎ አለመኖር፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤንነት፤ መሠረታዊ የሚባሉት እነዚህ አምስቱ ናቸው። ሁሉንም በቃል መያዝ አይጠበቅብሽም። አዋጁን ግን አንብቢው፤ ፋብሪካ ውስጥ የምትከራከሪው በአዋጁ ነው።

ሌማን ዳር፦

ጄኔቭ ነው የምኖረው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ነኝ። ስለ ክፍያው ልናገር፣ የታቦር ሥር አባት ትክክለኛ ጥያቄ ስለጠየቁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ከኒው ዚላንድ የመጣ ወጣት እዚህ ከተማ በተባበሩት መንግሥታት ኢንተርን ሆኖ ቤት መከራየት ስላልቻለ ሐይቁ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ሲያድር ዜናው ዓለምን ዞረ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለኢንተርን ደመወዝ አይከፍልም፤ ከዚያም በኋላ አልከፈለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ግን ለኢንተርኖቹ የኑሮ አበል ይሰጣል፤ ጊዜውም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። ስለዚህ «በዘርፉ እንዲህ ነው አሠራሩ» ብሎ ማንም አይሸንግልሽ። መክፈል ይቻላል፤ የሚከፍሉ አሉ።

የነጻ ልምምድ ጉዳቱ በኪስ ብቻ አይቀርም። ስድስት ወር ያለ ደመወዝ መኖር የሚችለው ማን ነው? ወላጅ የሚደግፈው ነው። ይህ ሰው ከኢንተርንነት ወደ ረዳት ባለሙያነት፣ ከዚያም ወደ ፕሮግራም ኃላፊነት ይወጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ልብስ ሰፊዎች ፖሊሲ የሚጽፉት በሙሉ የቤት ኪራይ አስጨንቋቸው የማያውቁ ሰዎች ይሆናሉ። እህቷ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ፣ ሲዳምኛ የምትችል፣ የሰርቪሱን ፌርማታ የምታውቅ ልጅ ግን በሩ ላይ ትቀራለች። በሥራ ላይ እኩልነት ለሚል ፕሮጀክት ከዚህ የበለጠ ጉድለት አላውቅም።

እንግዲህ ተደራደሪ። ደመወዝ የሚባል መደብ የለንም ካሉሽ ምሳ፣ የስልክ ካርድ፣ የአደጋ ኢንሹራንስ፣ ስሙ የተጠቀሰ አለቃ፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት፣ በሪፖርቱ ላይ ስምሽ እንዲጻፍ ጠይቂ። ሳምንቱን ሙሉ ከሆነ ሌላ ገቢ መፈለጊያ ጊዜ እንዳሳጡሽ ንገሪያቸው። ሦስት ቀን አድርጉልኝ በይ።

ፓርክ ተመልካች፦

ሁላችሁም ስለ ደረጃ ትጽፋላችሁ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከ30 ሺህ በላይ ደርሶ ሳለ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ ገበያዋ የምንገባበትን ዕድል፣ ዘጋችብን። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ወጣ። ብዙ ልጆች ወደ መጡበት ቀበሌ ተመለሱ። እኔ እዚያው አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ ያኔ ብድር ይዘው የጠፉትን አልወቅሳቸውም። አሁን ደግሞ በተረፉት ፋብሪካዎች ላይ ይህን አሟሉ ያንን አሟሉ ስትሉ እነሱም ቢሄዱስ? መጀመሪያ ሥራው ይኑር። መብቱ ሲረጋጋ ይመጣል።

ጡረተኛው ተቆጣጣሪ፦

ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ነገር ግን አጎዋ የተዘጋው ደረጃ አሟሉ ስለተባለ አይደለም፤ በጦርነቱና በሰብዓዊ መብት ጉዳይ ነው። ፋብሪካዎቹ ሲመጡም ሆነ ሲሄዱ ደመወዛችን ከዓለም ዝቅተኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ያወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ነበር ያለው፤ ባጠናቸው አገሮች ሁሉ ከዚያ የሚያንስ አላገኘም። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ቁጥር ያህል ሰው እንደሚተኩ ጽፏል። ያሠለጠንካት ልጅ እጇ ሲፈታ ጥላ ስትሄድ፣ አዲሷ እስክትለምድ ታርጌቱ ሲወድቅ፣ ያ ለባለሀብቱ ኪሳራ ነው። ደረጃ ያልተጠበቀበት ፋብሪካ ርካሽ የሚመስለው የሚሄዱት ሰዎች ካልተቆጠሩ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም በአምስት የአገራችን ድርጅቶች ወደ 1000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይቶ የተከታተለ ጥናት ነበር። ፋብሪካ የገቡት ሌላ ቦታ ከሚያገኙት የተለየ ገቢ አላገኙም፤ የጤና እክላቸው ግን በዛ፤ አብዛኞቹም በወራት ውስጥ ለቀቁ። «መጀመሪያ ሥራው ይኑር» ስንል የትኛውን ሥራ ማለታችን እንደሆነ እንወቅ።

ልጄ ታቦር ሥር፣ ለረጅም ጊዜ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ የማስተምርሽ ነገር ቢኖር ወረቀት ማነጻጸር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሰው ይፈራል፤ ወረቀት አይፈራም። የጣት አሻራው ማሽን ያወጣውን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ያዢ። አጠገቡ ፔይሮሉን (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን) አስቀምጪ። መደበኛው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ነው። ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የማይገጣጠሙበትን ቀን ፈልጊ። ማጓጓዣ ሊወጣ ሲል ባለው ሳምንት ታገኚዋለሽ።

ቀጥሎ የነፍሰ ጡሮችን። አዋጁ ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ በቀድሞው በ377/96 ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ነበር። በሌሊት ማሠራት፣ ኦቨርታይም ማሠራት ክልክል ነው። ነፍሰ ጡር ሳለችም ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወርም ሊያሰናብቷት አይችሉም። ታዲያ ፋብሪካው እንዴት ያመልጣል? ውሉን አጭር ያደርገዋል። ሆዷ ሲታይ «አላባረርንሽም፣ ውልሽ አልቋል» ይላታል። ስለዚህ «ስንት ሴት ተባረረች?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ምንም የለም ይሉሻል፣ ውሸትም አይሆንባቸውም። ባለፈው ዓመት ውላቸው ያልታደሰላቸውን ስም ዝርዝር ጠይቂ። በወሊድ ፈቃድ ወጥተው የተመለሱትንም ጠይቂ። ብዙ ሺህ ወጣት ሴት ያለበት ፋብሪካ ከወሊድ የተመለሰች ሁለት ሦስት ሴት ብቻ ካለችው ነገሩ ገባሽ ማለት ነው።

ታቦር ሥር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም አስተማሪ አልነገረኝም። ግን ፔይሮሉን ለኢንተርን ያሳዩኛል እንዴ?

ፋብሪካ ውስጥ፦

እኔ ልመልስ፤ የኤችአር ሠራተኛ ነኝ፣ በአንዱ ፋብሪካ። ለብቻሽ መጥተሽ አናሳይሽም። ፕሮጀክቱ ከፋብሪካው ጋር የተፈራረመው ሰነድ ላይ ተጽፎ ከሆነ ግን ስሙ ተሸፍኖ እናሳያለን። አለቃሽን ሰነዱን አሳየኝ በይው፣ ምን ምን ማየት እንደሚፈቀድ እዚያ ላይ አለ።

ስለ እኛም አንድ ነገር እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። «የላይን ልጅ» እህቴ ያለችው ይደረጋል፤ አልክድም፣ እኔም በር ላይ ቁሚ ተብዬ ቆሜያለሁ። ግን ትዕዛዙ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ገዢው ብራንድ የአንዱን ሸሚዝ ዋጋ ይቀንሳል፤ ዲዛይኑን በመጨረሻ ሰዓት ይቀይራል፤ የማጓጓዣውን ቀን ግን አይቀይርም። ያን ሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ኦቨርታይም የማይሠራ ፋብሪካ አሳዩኝ። ከዚያ ያው ብራንድ ኦዲተር ልኮ «ለምን ኦቨርታይም አበዛችሁ?» ይላል። ፕሮጀክታችሁ ከእኛ ጋር ብቻ እየተነጋገረ ገዢውን ዝም የሚል ከሆነ ሥልጠናው ፖስተር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

አሁን ለታቦር ሥር ከሁሉ በላይ ላሳይሽ የምፈልገው አንድ መስመር አለ። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ መነሻ ደመወዝ አለ፣ የምግብና የቤት ድጋፍ ይኖራል፣ የምርት ጉርሻ አለ፤ መካከል ላይ «የመገኘት አበል» የሚል አለ። በወር ውስጥ አንድም ቀን ያልቀረ ይከፈለዋል። አንድ ቀን የቀረ ሙሉውን ያጣል። ወንድ ሴት ብሎ አይለይም፤ ኦዲተር ሲያየው ምንም ስህተት አያገኝበትም። እኔ ግን በየወሩ ስጽፈው የሚቆረጠው የማን እንደሆነ አያለሁ። የወር አበባ ሕመም ያለባት፣ ልጇ ትኩሳት የያዘው፣ እናቷ ታማ ገጠር የተጠራች ልጅ ናት። ነፍሰ ጡር ለምርመራ የምትሄድበት ቀን በሕጉ ከነክፍያው የተፈቀደ ነው፤ ሲስተሙ ግን «ቀርታለች» ብሎ ያነበዋል፣ አበሉም ይጠፋል። መነሻ ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ያ አበል ሲቆረጥ የቤት ኪራይ ድርሻዋን ነው የምታጣው።

ይህን ለአለቃዬ በሰንጠረዥ አውጥቼ፣ የወንድና የሴቱን ለይቼ አሳየሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ የምርመራ ቀናት ከመቅረት እንዲወጡ ተደረገ፤ አበሉም በቀን ተካፍሎ የቀረችበት ቀን ብቻ እንዲቆረጥ ተወሰነ። አንድም ወርክሾፕ አላስፈለገውም። ስለ እኩልነት ስትሠሪ እንዲህ ያለውን ፈልጊ። ለሁሉም አንድ የሆነ ደንብ ማንን እንደሚጎዳ የሚታየው ቁጥሩን በጾታ ለይተሽ ስታስቀምጪው ነው።

የላይን ልጅ፦

ምነው የኛም ኤችአር እንዳንቺ በሆነች! የመገኘት አበሌን ብዙ ወር ቀምተውኛል።

ሱፐርቫይዘርነቱንም ቁጠሪልን። ማሽኑ ላይ ያለነው ከሞላ ጎደል ሴት ነን፤ ላይኑን የሚያዙት ወንዶች ይበዛሉ። «ሴት ማታ መቆየት አትችልም» ይላሉ። ማታ የማንቆየው ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ አውርዶን ውስጥ ለውስጥ በጨለማ ስለምንሄድ ነው። መብራት ይግባ፣ ሰርቪሱ ወደ ውስጥ ይጠጋ፤ ያኔ ማን መቆየት እንደሚችል ይታያል።

ዱባይ የነበረች፦

ፓርኩ ውስጥ ሠርቼ ትቼ ነው የሄድኩት። እዚያ የምናገኘውን እዚህ ቢከፍሉን ማን ይሰደዳል? ጓደኞቼም አንዷ ስትሄድ ሌላዋን እየጠራች ነው የወጡት። የልማት ሰዎች ስደት ሌላ ፕሮጀክት፣ ፋብሪካ ሌላ ፕሮጀክት አድርገው ነው የሚይዙት። አንድ ልጅ ናት እኮ። መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ቀጥሎ ፋብሪካ፣ ከዚያ ዓረብ አገር።

ሰው ቤት ስትሠራ የነበረውንም ጠይቂያት። እዚያ ነው ስለ ሰዓት መቁጠር እንደማይቻል የተማረችው።

ጠበቃው፦

ዱባይ የነበረች እውነቷን ነው። የቤት ሠራተኛ በ1156/2011 አትሸፈንም፤ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። የሚመለከታት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 189ን እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥቷል። ውጭ አገር ለሚሄዱት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው 1246/2013 አሉ። በአንዲት ልጅ ሕይወት ውስጥ ሦስት የተለያየ ሕግ ያልፋል፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው ሰዓቷን የሚቆጥርላት።

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልንም አንሱ። 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለግሉ ዘርፍ ወለሉ እስካሁን አልተወሰነም። ብር በሐምሌ 2016 ወደ ገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ያልተነካ ደመወዝ በዶላር ሲታይ ይበልጥ ወርዷል፤ ልብሱን በዶላር የሚሸጠው ፋብሪካ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ፓርክ ተመልካች፦

ደመወዝ ሲጨምር ሱቄም እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ሥራ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። እነዚህ ፕሮጀክቶች የትም አገር ሠርተው ያውቃሉ? እኔ ያየሁት ባነር ብቻ ነው።

ሌማን ዳር፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሌሶቶን ልንገርህ። በዋና ከተማዋ ማሴሩ የአንድ የታይዋን ኩባንያ ፋብሪካዎች ለሊቫይስና ለሌሎች የአሜሪካ ብራንዶች ጂንስ ይሰፉ ነበር። ሱፐርቫይዘሮች ሴቶቹን ውላቸው እንዲታደስ፣ ከሥራ እንዳይባረሩ በማለት ለወሲብ ያስገድዷቸው እንደነበር የሠራተኞች መብት ተከታታይ የሆነ ገለልተኛ ድርጅት አጣርቶ አወጣ። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎቹን ያዩት የብራንዶቹ ኦዲቶች ይህን አላወጡትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ብራንዶቹ፣ ኩባንያው፣ የአገሬው የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች መብት ድርጅቶች አስገዳጅ ስምምነት ተፈራረሙ። ወደ 10 ሺህ ሠራተኛ ይሸፍን ነበር። ከፋብሪካው ነጻ የሆነ አቤቱታ ሰሚ አካል ተቋቋመ፤ መርምሮ አጥፊውን የማሰናበት ድረስ ውሳኔ ይሰጣል። ፋብሪካው አልፈጽምም ካለ ብራንዶቹ ትዕዛዝ ይቀንሳሉ።

ከተለመደው ሥልጠና የሚለየው ሦስት ነገር ነው። አቤቱታ የሚሰማው የፋብሪካው ኤችአር አይደለም። የሠራተኛ ማኅበሩና የሴቶቹ ድርጅቶች ፈራሚ ናቸው፣ ተጋባዥ አይደሉም። ውሳኔውን የማይቀበል ገንዘብ ያጣል። እዚህም የሚመጣ ማንኛውም ፕሮጀክት በዚህ ቢመዘን ጥሩ ነው። በእኛ ሕግ አሥር ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) አለ። ታቦር ሥር፣ የፕሮጀክትሽን ዕቅድ ስታነቢ የሠራተኛ ማኅበር የሚለው ቃል የት የት እንደገባ ተመልከቺ።

ዘርፉን በሰፊው ማወቅ ከፈለግሽ የዓለም የሥራ ድርጅት ከዓለም ባንክ እኅት ተቋም ከአይኤፍሲ ጋር የሚመራው ቤተር ወርክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2001 ካምቦዲያ ላይ የተጀመረው ሥራ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ስራዬ በሚል ስም በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠርቷል። የባንግላዴሹን ራና ፕላዛንም አትለፊ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንጻ ተንዶ ከ1100 በላይ ሰው ሞተ። ከዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። አንገባም ማለት የሚችል ማኅበር አልነበራቸውም።

ታቦር ሥር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሆን፣ ምሳና የአደጋ ኢንሹራንስ እንዲኖር፣ ትንኮሳን የሚመለከተው ፖሊሲያቸው እኔንም እንደሚሸፍን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ፣ ከፋብሪካዎቹ ጋር የተፈራረሙትንም እንዳይ ጠየቅሁ። ዛሬ መለሱልኝ። ምሳውንና ኢንሹራንሱን እሺ ብለዋል፣ ፖሊሲውንም ልከውልኛል፤ ስለ ሦስት ቀኑ ከአዲስ አበባ ጠይቀን እንነግርሻለን አሉ። ስለ ደመወዝ «በሚቀጥለው በጀት እናስገባዋለን» የሚል ቃል ብቻ ነው። ሦስት ቀኑን ከፈቀዱ እገባለሁ፤ በቀሩት ቀናት የማስጠናቸው ልጆች አግኝቻለሁ። አባቴ ደብዳቤውን አንብቦ «እንዲህ ከሆነ ይሁን» ብሏል።

የላይን ልጅ፣ ካልከበደሽ አንድ እሑድ ባገኝሽ ደስ ይለኛል።

የላይን ልጅ፦

ነይ እንጂ! አራት ሆነን ነው የምንኖረው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አለ። መጠይቅሽን ግን የመጀመሪያ ቀን ቤት ተይው። ልጆቹ ማን እንደሆንሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይወቁ። ሁለተኛ ስትመጪ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ጡረተኛው ተቆጣጣሪ፦

መልካም ነው ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ከብዙ ዓመት ሥራ የማውቀው ስለሆነ። ደብተርሽ ላይ የሠራተኛ ስም አትጻፊ፣ የላይን ቁጥርም አትጻፊ። ለእያንዳንዷ አንቺ ብቻ የምታውቂው ምልክት ስጪ፤ የምልክቱን ዝርዝር ከደብተሩ ለይተሽ ቤት አስቀምጪ። ድምፅም ቢሆን ሳትፈቅድ አትቅጂ። ሪፖርት ስትጽፊ «በልብስ ስፌት ክፍል የምትሠራ የ19 ዓመት ወጣት» ብለሽ እንኳ አትጻፊ፤ ፋብሪካው ውስጥ ያን የሚያሟሉት ሁለት ብቻ ከሆኑ ማን እንደተናገረች በማግስቱ ይታወቃል። ሦስተኛ ወገን አንብቦ የማይለያት መሆኑን አለቃሽ ሳይሆን «የላይን ልጅ» ታንብብልሽ።